የ2014 ካምሪ ወይስ የ2017 ፊውዥን? በወር 2,500 ማይል ለሚነዳ ሰው

ጥያቄው፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ኡበር እሠራለሁ፤ በወር 2,500 ማይል ያህል እነዳለሁ፣ አብዛኛው ከተማ ውስጥ። ሁለት መኪና አይቻለሁ። አንዱ የ2014 ቶዮታ ካምሪ ኤልኢ፣ 112,000 ማይል የሄደ፣ 11,400 ዶላር። ሌላው የ2017 ፎርድ ፊውዥን ኤስኢ፣ 71,000 ማይል፣ 8,900 ዶላር። አማቼ ‹የአሜሪካ መኪና እንዳትነካ› ይለኛል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ‹ለቶዮታ ስም ነው የምትከፍለው፤ የፎርድ ዕቃ ርካሽ ነው› ይላል። አራት ዓመት ልይዘው አስቤያለሁ። የቱ ይሻለኛል?»

ፊውዥኑ 1.5 ሊትር ኢኮቡስት (ፎርድ ባለ ተርቦ ሞተሩን የሚጠራበት ስም) ሞተር ያለው ከሆነ 8,900 ይቅርና በ6,000ም ለዚህ ሥራ አይግዙት። 2.5 ሊትር ከሆነ ግን ለመነጋገር የሚበቃ መኪና ነው። ካምሪው ከዚህ በታች ያለውን ምርመራ ካለፈ ከሁለቱ የተሻለው እሱ ነው፤ የተጠየቀው 11,400 ግን ሙሉ በሙሉ አይከፈልበትም። ከሁለቱም የሚበልጥ ሦስተኛ ምርጫ አለ፣ ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

አማችዎ የሚናገሩት ሀገር ቤት ስለምናውቀው ቶዮታ ይመስለኛል። ያ ስም የተተከለው በኮሮላ ዲኤክስ፣ በሃይሉክስና በላንድክሩዘር ነው። ካርቡሬተር ያለው፣ ኮምፒውተር የማያውቅ፣ መንገድ ዳር በመፍቻ የሚፈታ መኪና ስለ 2014 ካምሪ ብዙ አይነግረንም። ደግሞም እርስዎ ያዩት «የጃፓን» መኪና የቪን ቁጥሩ (የመኪናው መለያ ቁጥር) በ4 ነው የሚጀምረው፤ አሜሪካ ተገጣጥሟል ማለት ነው። ቶዮታ ካምሪን በኬንታኪዋ ጆርጅታውን መሥራት የጀመረው በ1988 ነው። «የአሜሪካው» ፊውዥን ቪን ግን በ3 ይጀምራል፤ የመጣው ከሜክሲኮ፣ ኤርሞሲዮ ከሚገኘው ፋብሪካ ነው። ጃፓን ተሠርቶ የመጣ መኪና ቪኑ በጄ ይጀምራል።

ባልደረባዎም አንድ እውነት ይዘዋል፤ ለስም የሚከፈል ገንዘብ አለ። ጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ) እና ቶዮታ በ1984 ካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት ውስጥ በጋራ በከፈቱት ፋብሪካ ኮሮላና ፕሪዝም የሚባል መኪና በአንድ መስመር፣ በአንድ ሠራተኛ እጅ ይሠሩ ነበር። መኪናው አንድ ሆኖ ሳለ በጂኤም ስም የወጣው ፕሪዝም ያገለገለ ሲሆን ከኮሮላው በርካሽ ይሸጥ ነበር። ፖንቲያክ ቫይብም እንዲሁ በውስጡ ቶዮታ ማትሪክስ ነው። ስለዚህ «የማን አገር ነው?» ከማለት ይልቅ «የትኛው ሞተር፣ ከየትኛው ካምቢዮ ጋር፣ በየትኛው ዓመት?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሁለቱንም መኪኖች በዚሁ እንያቸው።

የ2017 ፊውዥን ኤስኢ በብዛት ከሁለት ሞተሮች አንዱን ይዞ ነው የሚገኘው፤ 2.5 ሊትር ያለ ተርቦ ወይም 1.5 ሊትር ባለ ተርቦ። ሻጩ ባያውቅ ወይም ባይናገር የቪኑን 8ኛ ምልክት ይመልከቱ። 7 ቁጥር ከሆነ 2.5 ነው፤ የዲ ፊደል ከሆነ 1.5 ኢኮቡስት ነው። ቪኑ ከሹፌሩ ፊት ለፊት፣ በመስታወቱ ግርጌ ላይ ስለሚታይ ሻጩን ሳያስቸግሩ ማንበብ ይችላሉ።

የ1.5ቱ ችግር ጥገና በማብዛት የሚመለስ አይደለም፤ ብሎኩ ሲሠራ አብሮት የመጣ ነው። ከ2017 እስከ 2019 በወጡት ላይ በሲሊንደሮቹ መካከል፣ የቴስታታው ጋስኬት በሚያርፍበት ገጽ ላይ፣ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የሚያልፍበት ቀጭን ቦይ ተቆርጧል። በዚያ ምክንያት ጋስኬቱ የሚይዘው ብረት በጣም ጠባብ ነው። ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ያ ጠባብ ቦታ ይዳከምና ኩላንት ወደ ሲሊንደር ውስጥ መንጠባጠብ ይጀምራል። ከውጭ ምንም ፍሳሽ አይታይም። መጀመሪያ የሚታየው የኩላንቱ መጠን ቀስ እያለ መጉደሉ ነው። ቀጥሎ ጠዋት ሲነሳ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንዶች ይንቀጠቀጣል፣ ከማርሚታው ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ከፒ0300 እስከ ፒ0304 ያሉ የሚስፋየር (ሲሊንደሩ ነዳጁን በትክክል አለማቃጠሉን የሚናገሩ) ኮዶች ይመጣሉ። ካንዴላና ኮይል ቢቀየርም ኮዱ ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው የሞተሩን የታችኛውን ክፍል መቀየር ነው፤ በግል ጋራዥ እንኳ ከ5,000 ዶላር በላይ ይጠይቃል። የፋብሪካው የሞተርና የካምቢዮ ዋስትና 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ስለነበር 71,000 ላይ ያለ መኪና አልፎታል። ሌላም ወጪ አለ፦ ይህ ሞተር በካቴና ሳይሆን በታይሚንግ ቤልት የሚሠራ ነው፤ መቀየሪያው 150,000 ማይል ስለሆነ በእርስዎ አነዳድ በሦስተኛው ዓመት ላይ ይደርሳል።

አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ። የቀድሞው ባለቤት ሞተሩን በዲለር በአዲሱ ዓይነት ብሎክ አስቀይሮ ደረሰኝ ካለው፣ ያ መኪና ከሌሎቹ 1.5ዎች ተለይቶ ሊታይ ይገባል። ደረሰኙ ላይ የመኪናው ቪን፣ ቀኑና ማይሉ መኖር አለበት። «ተቀይሯል» የሚል ቃል ብቻ አይበቃም።

2.5ቱ ሌላ ታሪክ ነው። መሠረቱ ማዝዳ የነደፈው ሞተር ነው (እንግዲህ አማችዎ ይህን የየትኛው አገር እንደሚሉት አላውቅም)። ተርቦ የለውም፣ ካቴና አለው፣ ዘይቱ በጊዜ ከተቀየረ ረጅም ይሄዳል። የሚፈተሸው ካምቢዮው ነው፤ ፎርድ 6ኤፍ35 የሚለው ባለ 6 ማርሽ። ከ2ኛ ወደ 3ኛ ሲገባ ሞተሩ ባዶውን የሚጮህ ወይም ቆሞ ወደ ኋላ ማርሽ ሲገባ ዱብ የሚል ከሆነ ይተዉት። ዘይቱ መርኮን ኤልቪ ነው። ቪኑን በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ፤ ያልተሠራ ሪኮል (አምራቹ መኪናውን መልሶ የጠራበት ጉድለት) ካለ ዲለር በነፃ ይሠራልዎታል።

ወደ ካምሪው እንምጣ። የ2014 ካምሪ ባለ 4 ሲሊንደር 2.5 ሊትር ሞተር፣ ቶዮታ 2ኤአር የሚለው፣ ከቶዮታ ጥሩ ሥራዎች አንዱ ነው። ከ2007 እስከ 2009 ካምሪ ላይ ከነበረው 2.4 ጋር እንዳያምታቱት። ያኛው የፒስተን ሪንጉ የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለነበሩ ይደፈኑና ዘይት ይበላ ነበር፤ «ቶዮታ አይሞትም» ብሎ ሳይመረምር የገዛ ሰው በየሳምንቱ ዘይት ሲጨምር የኖረው በዚያ ሞተር ነው።

የ2ኤአር ድካሞች የታወቁ ናቸው። አንደኛው የውሃ ፓምፑ ነው፤ ሲያንጠባጥብ በዙሪያው ነጭና ሮዝ ቅርፊት ይተዋል። በቺንጊያው በኩል የእጅ ባትሪ አብርተው ካዩት ይታያል። ሁለተኛው ጠዋት ሲነሳ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ የሚሰማ የሚያንቀጫቅጭ ድምፅ ነው፤ የሚመጣው ከካም ማርሹ ነው። መኪናውን አያቆመውም፤ ማስቀየሩ ግን ውድ ስለሆነ በዋጋው ላይ መነጋገሪያ ይሆናል። ሦስተኛው፣ ለእርስዎ ከሁሉም የሚከፋው፣ ከ2012 እስከ 2014 በወጡት ላይ የሚታወቀው የቶርክ ኮንቨርተር (የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) መንቀጥቀጥ ነው። በ30 እና በ45 ማይል መካከል ነዳጁን በስሱ ረግጠው ትንሽ ዳገት ይውጡ፤ መሪውና ወለሉ በጎርባጣ መንገድ ላይ እንደሚሄድ ለሰከንዶች ከተርገፈገፈ እሱ ነው። ካምቢዮው ወርዶ ነው የሚሠራው። ይህን ካዩ ቢያንስ 1,500 ዶላር ካልቀነሱልዎ ይተዉት።

ብዙ ሻጮች «የካምቢዮው ዘይት የዕድሜ ልክ ነው» ይላሉ። በቀን 100 ማይል ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ይህ አይሠራም። ዘይቱ ቶዮታ ደብልዩኤስ ነው፤ በታችኛው ብሎን ሲፈስ ከግማሽ በታች የሆነው ብቻ ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ በጥቂት ሺህ ማይል ልዩነት ሁለቴ ማስቀየር፣ ከዚያ በየ50,000 ማይሉ መድገም ይበቃል። መለኪያ ዘንግ የለውም። ልኩ የሚታወቀው ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ፣ በትርፍ መውጫው ቀዳዳ በኩል ነው። «ሦስት ኳርት አውጥቼ ሦስት አስገባሁ» የሚል ጋራዥ ሙቀቱን ካልለካ ልኩን አያውቀውም፤ የጎደለ ዘይት ደግሞ ያንን መንቀጥቀጥ ያመጣዋል። በግፊት የሚያጥብ ማሽን ይጠቀማሉ ካልዎት አይፍቀዱ፤ ያገለገለ ካምቢዮ ላይ ትርፉ ቆሻሻ መበተን ነው።

የሞተሩ ዘይት 0ደብልዩ-20 ሲንተቲክ ነው፤ ከፊልትሮው ጋር 4.6 ኳርት ይይዛል። መጽሐፉ እስከ 10,000 ማይል ይፈቅዳል፤ እርስዎ ግን በትራፊክ ቆመው የሚውሉ ስለሆነ 5,000 ላይ ይቀይሩ። ይህ በእርስዎ ሥራ በየሁለት ወሩ ማለት ነው። ካንዴላዎቹ 120,000 ማይል ላይ ይቀየራሉ። ሮዙ ኩላንት መጀመሪያ 100,000 ላይ፣ ከዚያ በየ50,000 ነው። 112,000 ላይ ያለው ይህ መኪና ኩላንቱ ስለመቀየሩ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት።

ምርመራውን በጠዋት ያድርጉት። ሻጩ እርስዎ ደርሰው እስኪያዩት ድረስ እንዳያስነሳው አስቀድመው ይንገሩት፤ ሲደርሱ ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን በእጅዎ ይዳስሱ። ሞቆ ከጠበቀዎት የጠዋቱን ድምፅና ጭስ እንዳያዩ ነው፣ ሌላ ቀን ይመለሱ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳያስነሱ ያውጡ፤ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ወይ ይበላል ወይ ባለቤቱ አያየውም፣ ሁለቱም መጥፎ ነው። የኩላንቱን ጋን ይመልከቱ። ከዚያ ሻጩ ራሱ ያስነሳው፣ እርስዎ ከማርሚታው በኩል ይቁሙ።

ከ20 እስከ 30 ዶላር የሚሸጠውን ኮድ ማንበቢያ ይግዙ፤ ለዚህ ሥራ ካወጡት ገንዘብ ሁሉ ዋጋውን የሚመልሰው እሱ ነው። ኮድ መኖሩን ብቻ አይዩ። «ሬዲነስ» የሚለውን ገጽ ይክፈቱ፤ ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻዎች ጨርሶ እንደሆነ ይናገራል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ያልተጠናቀቁ ካሉ፣ በቅርቡ ባትሪ ተፈትቷል ወይም ሻጩ የሞተሩን የማስጠንቀቂያ መብራት አጥፍቶ ነው ያመጣው። ከጥቂት ቀን በኋላ ይመለሱ። እንደዚያ ሆኖ የሜሪላንድን የጭስ ምርመራም አያልፍም።

ፊውዥኑን 1.5 ሆኖም ቢሆን ለመግዛት ከቆረጡ (አልመክርም) ጋራዡ የኩላንቱን መስመር በክዳኑ ላይ በተጻፈው ግፊት ሞልቶ ለሰዓታት ያቆየው፤ ከዚያ ካንዴላዎቹን አውጥቶ በትንሿ ካሜራ ፒስተኖቹን ይመልከት። ከሌሎቹ ይልቅ ታጥቦ የሚያበራ ፒስተን ካለ ኩላንት እየገባበት ነው።

የሜሪላንድ የደኅንነት ምርመራ ወረቀት አለው ቢባሉ አይዘናጉ። ያ ምርመራ ፍሬን፣ ጎማ፣ መብራትና የእግር ዕቃዎችን ነው የሚያየው፤ ሞተሩ ዘይት ይብላ ኩላንት ይጠጣ አይነግርዎትም። የሚያገለግለውም ለ90 ቀን ነው። ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለው ጋራዥ ከ100 እስከ 200 ዶላር አስከፍሎ ሊፍት ላይ አውጥቶ ይይልዎት፤ ከስር የጨው ዝገት፣ በተለይ የፍሬን ቧንቧዎቹን። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) «ሳልቬጅ» ወይም «ሪቢልት»፣ ማለትም በከባድ ጉዳት የተጣለ ወይም ከዚያ ተጠግኖ የተመለሰ የሚል ከሆነ ኡበር አይቀበለውም፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያምር። እንዲሁም ኡበር በከተማችሁ የሚቀበለው የመኪና ዕድሜ ስንት እንደሆነ አሁኑኑ መተግበሪያው ላይ ያረጋግጡ። የ2014ቱ መኪና አራት ዓመት ሙሉ ላያሠራዎት ይችላል፤ ከሆነ ሒሳቡ ሁሉ ይለወጣል።

ሒሳቡን ካነሳን፦ በአራት ዓመት 120,000 ማይል ይነዳሉ። በመንግሥት መለኪያ በከተማ ካምሪው በጋሎን 25 ማይል፣ ፊውዥን 2.5 ደግሞ 21 ማይል ይሄዳል። ካምሪው 4,800 ጋሎን፣ ፊውዥኑ 5,714 ጋሎን ይጠጣል። ጋሎኑን በ3.20 ዶላር ብናስበው ልዩነቱ ከ2,900 ዶላር ይበልጣል። በግዢው ላይ የተቆጠበው 2,500 በነዳጅ ብቻ ተመልሶ ወጣ ማለት ነው፤ ሲሸጡት ካምሪው የተሻለ የሚያወጣውን ገና አልቆጠርንም። ስለ ዕቃ ዋጋ ባልደረባዎ ያሉት ለእነዚህ ሁለት መኪኖች ብዙም አይሠራም። የፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ ፊልትሮ፣ ባትሪ ለሁለቱም በየመለዋወጫ ሱቁ ተቀራራቢ ነው። የአሜሪካ ዕቃ ርካሽነት በደንብ የሚታየው በፒክአፕና በትልልቆቹ ላይ ነው።

እዚያ ላይ ደግሞ አማችዎ ይሸነፋሉ። ወደ ኡበር ብላክ (የኡበር የቅንጦት አገልግሎት) ለመግባት ቢያስቡ ሼቭሮሌት ሰብርባንን የሚያህል ቦታና አገልግሎት በዚያ ዋጋ የሚሰጥ የጃፓን መኪና አያገኙም፤ የ5.3 ሞተሩን ሲሊንደር ማጥፊያ ሊፍተሮች (ነዳጅ ለመቆጠብ አንዳንድ ሲሊንደሮችን ሥራ የሚያስቆሙትን ክፍሎች) ጠዋት ላይ ማዳመጥ ብቻ ነው። ቶዮታም በዚህ ክፍል ተሰናክሏል። በ2024 የ2022 እና የ2023 ተንድራና ሌክሰስ ኤልኤክስ ሞተሮች ውስጥ የብረት ብናኝ ቀርቶ 100,000 ያህል መኪና ሪኮል ተደርጓል። በትናንሾቹም ቢሆን የ2012 እስከ 2016 ፎርድ ፎከስ በደረቅ ፍሪሲዮኑ አውቶማቲክ፣ የ2013 እስከ 2016 ኒሳን አልቲማ በሲቪቲው (ቋሚ ማርሽ በሌለው ካምቢዮ) ለኡበር የማይሆኑ ናቸው። አንዱ የዲትሮይት፣ አንዱ የዮኮሃማ ነው፤ ሁለቱም የሚሞቱት በካምቢዮ ነው።

ሦስተኛው ምርጫ ሃይብሪድ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሠራ መኪና) ነው። የ2014 ካምሪ ሃይብሪድ ኤልኢም የ2017 ፊውዥን ሃይብሪድም በከተማ በጋሎን 43 ማይል ይሄዳሉ። 120,000 ማይል በ2,791 ጋሎን ያልቃል፤ ከተራው ካምሪ 2,009 ጋሎን፣ ከ6,400 ዶላር በላይ ያንሳል። ቆሞ መንቀሳቀስ ለሚበዛበት ሥራ ሌላው ሁሉ ልዩነት ከዚህ ያነሰ ነው። የፊውዥን ሃይብሪዱ 2.0 ሞተር ያ የኩላንት በሽታ የለበትም፤ የፍጥነቱን መጨመር ተከትሎ ከፊት የሚያድግ የጉምጉምታ ድምፅ ካለ ግን የካምቢዮው ኩሽኔታ ነው፣ በ2013 እና 2014 ላይ ይበዛል። ካምሪ ሃይብሪዱ ላይ የፍሬን ፓምፑን ያዳምጡ፤ ቆመው ፔዳሉን ሳይነኩ በየጥቂት ሰከንዱ የሚነሳ ከሆነ ግፊት አይዝም፣ መቀየሩ ከ2,000 ዶላር በላይ ነው። በሁለቱም ላይ ከኋላ ወንበሩ አጠገብ ያለውን የባትሪ አየር መግቢያ ይክፈቱ። በአቧራና በፀጉር ከተደፈነ ባትሪው በሙቀት ሲጎዳ ኖሯል። ከተሳፋሪ ጃኬትና ሻንጣም ሁሌ ነፃ ያድርጉት።

ሃይብሪድ በአቅምዎ ካላገኙና ካምሪው ምርመራውን ካለፈ፣ ካንዴላ፣ ኩላንት፣ ሁለት ዙር የካምቢዮ ዘይት፣ ፊልትሮዎችና የፊት ሸራ በግል ጋራዥ ወደ 1,000 ዶላር ይሆናል። ለእነዚህ ደረሰኝ ካላሳየዎት ያንን ከ11,400 ላይ ይቀንሱና 10,400 ብለው ይጀምሩ። የውሃ ፓምፑ ቅርፊት ከያዘ ሌላ 400 ያውርዱ።